ደማም

የሥልጠናው ሳምንት፣ የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
ማቀዝቀዣው አጥንት የሚያንቀጠቅጥበት።
ሲስተር ማሪቬል የሲሊኮን ተረከዝ ይዛ ገባች፤
ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር የተቀባ ቁስል
የማይሸት፣ የማያፍር፣ ኢቃማ የማይጠየቅ።

«ቁስልን እንደ ሰዓት እዩት» አለች፤
«አሥራ ሁለት ወደ ራስ፣ ስድስት ወደ ጣት።»
እኔ በሀገሬ ሰዓት ቆጥሬ ሁለቴ ገለበጥኩት።
«ከመንካት በፊት እጅ፣ ከነኩም በኋላ እጅ።
ከላይ ቶሎ የገጠመ አያስደስታችሁ፤
ቁስል የሚድነው ከሥር ነው።»
ጻፍኩ። ፈተናውንም አለፍኩ፣ ዘጠና ሁለት ከመቶ።
ሰርተፍኬቱ ላይ ስሜን አበላሽተውታል።

ኑርዬ በሌሊት መጣ፣
እግሩን በሦስት ፌስታል አስሮ።
ከራያ ተነሥቶ ባሕሩን፣ የየመንን አሸዋ
በዚሁ እግር ነው ያለፈው፤
አሁን ቀጢፍ፣ የተምር እርሻ ውኃ ያጠጣል።
ምስማር ረግጦ ሦስት ቀን ሄዶበታል፤
ያወቀው ሲሚንቶ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ነው።

«ስኳር አለብህ?»
«ሻይ ላይ ብቻ፣ እህቴ።»
ቀጥሎም በሹክሹክታ፦ «አደራ፣ ከፊሌ እንዳይሰማ።»
ያኛውስ ባይሰማ፤
የእግሩ ከፊል ግን ድሮውንም አይሰማ።

ሽታው ከክፍሉ ወጣ። ዘበኛው ፊቱን አዞረ።
እኔ እጄን ታጠብኩ።
መግሉን ለላቦራቶሪ፣ ትኩሳቱን ለወረቀቱ፣
ጥቁሩን ሥጋ ለመቀስ፣ በትንሽ በትንሹ።
«አያምህም?»
«ኧረ ምንም፣ ቀጥዪ።»
እንደዚያ ሲለኝ ነው የፈራሁት።

ጥቁሩ ሲነሣ ቢጫ። ቢጫው ሲነሣ ሌላ ጥቁር።
ከአሥራ ሁለት ጀምሬ ወደ ሦስት ዞርኩ
(የማን ሰዓት እንደሆነ እንጃ)፣
ማሪቬል ከኋላዬ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፣
ቃል ግን የለም።

አራት ላይ ስደርስ
አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ አለች፣
ጎኗ ሌላ፣
ከዚያ ጋዙ ረጠበ።

ኑርዬ አንገቱን ቀና አደረገ፦ «ደማ እንዴ?»
«ደማ!» አልኩት፣
ወንድ ልጅ ተወለደ እንደሚል ሰው ጮኼ።
ስድስት ዓመት ኖሬበት
የከተማውን ስም በአማርኛ የሰማሁት ያን ሌሊት ነው።

ትንሿ ጣት ትቀር እንደሆነ ሐኪሙ ገና አልወሰነም።
መድኃኒቱ በደም ሥሩ ይንጠባጠባል፤
ፋሻው ነገ ይፈታል፣ ከነገ ወዲያም።
ኑርዬ ፌስታሎቹን አጣጥፎ
ወደ ኪሱ ሊከት ሲል
እጁን ያዝኩት።