አልወጣም ያለው ዘብ

ቅዳሜ ነው፤ ግማሽ ቀን። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ
በፍራንኮ በኩል ይመጣል፣ የሎተሪ አዟሪውን ጃንጥላ መዝዞ።
እኔ ከቁጠባ ተቋሙ ውስጥ፣ ከአርባ አንድ ኮምፒውተር መሃል
አርባው እሺ ብሎኝ፣ ከአንዱ ጋር ስታገል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ፦
«የድሮው ጸረ-ቫይረስ ይውጣ፤ ውሉ በሰኔ አለቀ።
አዲሱ ይግባ።» ሁለት መስመር። ለጻፈ ሰው ቀላል ናት።
ሰዓዳ ግን፣ መስኮት ሦስት፣ ወረፋዋን በትናለች ከጠዋት፤
የእሷ ማሽን «ማን ነሽ አንቺ?» ይለኛል፤
«ልታራግፊኝ ከሆነ፣ የይለፍ ቃል» ይጠይቀኛል።

የተከለው ጅሬኛ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው ከሄደ፤
ስልኩ ጥሪ አይቀበልም፤ ቃሉም አብሮት ነጎደ።
የተቋሙን ስም ሞከርኩ፤ የተመሠረተበትን ዓመት፤
የልጁን ስም፣ የሚወደውን ቡድን፣ ከነቁጥር ጅራት።
ስድስተኛው ላይ ቆለፈኝ። «ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ።»
ሰዓዳ ብርቱካን አካፈለችኝ፣ ልጣጩን ደረሰኝ ላይ ጥላ።

ከዚያ በጓሮ ሞከርኩ፣ የጨዋው መንገድ ሲዘጋ፤
በሴፍ ሞድ፣ ሬጂስትሪው ውስጥ፣ መስመር በመስመር፣ እጄ እየሰጋ።
ሪስታርት።
ታች፣ ከሰዓቱ ጎን፣ ያው ቢጫ ጋሻው በራ፤
ቀበርኩት ስል፣ ዘሩን ደብቆ ኖሯል በሌላ ጎተራ።

ትዕግሥቴ አለቀ። አዲሱን በላዩ ጫንኩበት፤
ሳላስተዋውቅ፣ አንድ ደጅ ላይ፣ በዘብ ላይ ዘብ አቆምኩበት።
አሮጌው አዲሱን «ሌባ!» አለ፤ አዲሱ አሮጌውን «ሌባ!»
ማንቁርት ለማንቁርት ተያያዙ፤ ማንም አይወጣ፣ ማንም አይገባ።
ማውሱ ደረቀ። ፋኑ ጮኸ። አርባ ሰባት ፐርሰንት ላይ ደርሶ
መብራት ኃይል ገላገላቸው፣ ሁለቱንም ጨለማ አልብሶ።
ከጋራው ላይ ተርባይኖቹ ነፋሱን ይፈጫሉ ሳይታክቱ፤
እኛ ከሥራቸው፤ ጄኔሬተሩም ያለ ናፍጣ፣ በከንቱ።

ወደ በሩ ወጣሁ። ጋሽ ዋቅቶላ እንደ ወትሮው እዚያው ናቸው፤
ጡረታ ከወጡ ስምንት ወር፤ ከዚያች በርጩማ ማን ያንሣቸው?
የኤጀንሲዋ ጥበቃ፣ ኩሜ፣ ባዲሱ የደንብ ልብሷ
ጠዋት ጠዋት ትፈትሻቸዋለች፤ እጅ ያነሣሉ ለእሷ።

«ምን አስለቀሰሽ?» አሉኝ። «አላለቀስኩም፤ አቧራ ነው።
ጅሬኛ ቃል ቆልፎብን ሄዶ፣ ከየት አባቴ ላግኘው?»
ዝም አሉ። ከፌስታል ውስጥ፣ ከበርጩማው ሥር፣ አንድ ደብተር፤
የቁልፍ መዝገብ፦ የማን እጅ፣ ስንት ሰዓት፣ የትኛው በር።
«ሥራ ስለቅ ቁልፉን ተረከቡ፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝ።»
ጣታቸው ወረደ፣ ወረደ፤ ጅሬኛ ፊርማ ላይ ቆመ፤ «እንኪ፣ አንብቢልኝ።»

«የሰርቨር ክፍል፦ ቁልፍ ሁለት። ቃል፦ አንድ። ለሚጠይቅ ሰው።»
ከሥሩ አሥራ አራት ፊደል። ላብ እንኳ አላደበዘዘው።

«እና ለዚህ ነው የሚመጡት?» «ታዲያ? ሰው ይጠይቀኛል ብዬ።
እንቅልፍስ ይጥመኛል እንዴ፣ ያላስረከብኩት እያለ በእጄ?»
አስፈረሙኝ። ቀን፣ ስም፣ ሰዓት። ቢኩን ከጆሯቸው ላይ ሰጡኝ፤
«በአገራችን ሰዓት ጻፊው» ብለው አንድ መስመር አሳረሙኝ።

መብራት መጣ። ቃሉን ጻፍኩ። ጠየቀኝ እንደገና፦
«በእርግጥ ይራገፍ?» ጣቴ ዘገየ፤
ስድስት ዓመት ቆሞ ያደረውን፣ ማንም ‹እንደምን አደርክ› አላለውምና።

«አዎ» አልኩ። ቢጫው ጠፋ። አዲሱ ገባ፤ አረንጓዴ።
ሰዓዳ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ «አለቀ እንዴ?»
አላለቀም። አዲሱ ዘብ፣ ገና መቀመጫው ሳይሞቀው፣
«የይለፍ ቃል አውጪልኝ» አለ፤ «ረጅም፤ ማንም የማያውቀው።»

አወጣሁ። በብጣሽ ወረቀት ይዤ ወደ ደጅ ስመጣ
በርጩማው ባዶ ነው፤ ነፋስ ብቻ፣ እየገባ የሚወጣ።
«ሄዱ» አለች ኩሜ፤ «ዛሬስ ‹ደኅና ዋይ› አሉኝ ጨብጠው።»
ደብተሩ ጉልበቷ ላይ፤ ነፋሱ ገጽ ገጹን ሲገልጠው።

ቢኩን ተቀበልኳት። ቀን። ስም። ቃል፦ አንድ።
«ስንት ሰዓት ሆነ?» አልኳት።
ስልኳን ሳታይ፣ ፀሐይዋን አየች፤
«በአገራችን?»