የፍሬኑ ልክ

ስድስት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ስቀጥል፣
የክሩን ውጥረት በጣት ስከታተል፣
ፋብሪካው ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩኝ፣
በስንብቷ ገንዘብ አሞራ ገደል ወረድኩኝ።

ዓሣ ለመግዛት አይደለም፤ ዘንግ ለመምረጥ ነበር፣
ሴት ዘንግ ስትመርጥ አይቶ አያውቅም ያ ሰፈር፤
ጀልባ የሚደፍኑት ሥራቸውን ተዉ፣
አባ ኮዳው ሳይቀር አንገቱን መዘዘው።

ጋሽ ቃሚሶ ብቻ አልሳቀም።
ሸራ ላይ ደርድሯል፦ ከሁላ የወረደ ቀርከሃ፣
እጀታው በብስክሌት ጎማ የታሰረ ፋይበር፣
ቀለሙ የለቀቀ አረንጓዴ ዘንግ።
«ቀለሙን ተዪው» አለኝ፣ «ጫፉን መሬት አስነኪና ጫን በዪው፤
ከወገቡ ከጎበጠ ለአምባዛ ነው፣ ጉልበት ይችላል፤
ከጫፉ ብቻ ካጎነበሰ ለቆሮሶ፣
ትንሿን ንክሻ ሹክ ይልሻል።
አልጎብጥም ያለሽን ለአጥር ውሰጂው።»

አረንጓዴውን አነሳሁ፣ ከወገቡ ጎበጠልኝ።
በየቀለበቱ ውስጥ ጥጥ አሳለፍኩ፤
የመርፌ ዓይን ሲሻክር ክር እንደሚበላ
ማን ይንገረኝ?
አራተኛው ላይ ጥጡ ተንጠልጥሎ ቀረ።
ጥጡን አየው፣ እኔን አየኝ፣
ሁለት መቶ ብር ቀነሰ።

ማጠንጠኛው ደግሞ፣ እጀታውን ሳዞረው አሸዋ ያኝካል፣
ልክ እንደ ዘጠነኛው መስመር ማሽን፣ ዘይት ሲጠማው።
በድምፁ በሽታውን ለየሁት።
የታመመ ዕቃ ርካሽ ነው፣ ሐኪሙ አንተ ከሆንክ።

ማታ ከታቦር ሥር፣ ከኪራይ ቤቴ ውስጥ፣
አራት ብሎን ፈታሁ ሆዱ እስኪገለጥ፤
በብሩሽ፣ በላምባ ጥርሱን አጠብኩለት፣
ከጥርሶቹ መሃል ቅርፊት ወጣለት።
የማን እጅ እንደያዘው፣ በየትኛው ክረምት፣
ደርቆ እንደ ጥፍር ጠንክሯል።
ጣልኩት። አነሳሁት።
ከቁልፎቼ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ አለ።
ከዚያ የማሽን ዘይት፣
በስንብቴ ቀን ከረጢት ሥር ደብቄ ያወጣሁት፣
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
ሁለት ጠብታ። ሦስተኛው አቧራ ይጠራል።

በነጋታው ከቄጠማው ዳር ቆምኩ።
ፍሬኑን ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኩት፣ እንዳያመልጠኝ።
ጢሙን እንኳ ሳላየው አንዱ አምባዛ ጎተተ፣
ዘንጉ ተለመጠ፣ ክሩ ሲጢጥ አለና
ጧ!
ኋላዬ ወደቅኩ፣ ጭቃው ላይ።
ስድስት ዓመት ለአዲስ ገቢ ልጆች
«ክሩን አታስጨንቁት፣ ይበጠሳል» ስል የኖርኩት እኔ!

«ስንት ዙር አጠበቅሽው?» አለ ጋሽ ቃሚሶ ከጀልባው ሥር።
«እስከ መጨረሻው።»
«ለዓሣው አይደለም ያሰርሽው፣ ለእልህሽ ነው»
ብሎ ወደ መረቡ ዞረ።

አሁን ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ አብሼ፣
የደከመውን ክር አንድ ክንድ ቀንሼ፣
ፍሬኑን አላላለሁ፣ ሞላው እንዲያርፍ።
ዘንጉንም ግድግዳ አላስደግፍም፤
በሁለት ሚስማር ላይ ተጋድሞ ያድራል።
ጎንበስ ብሎ የከረመ ነገር ቀና ማለት ይረሳል፣
ወገቤ ምስክሬ ነው።

እስካሁን የያዝኩት ሦስት ቆሮሶ፣ አንድ ብልጫ፤
ሁለቱ ለአከራዬ ለእማማ ቦጋለች፣
በሚቀጥለው ወር ስለ ቤት ኪራይ ቀስ ብላ እንድትጠይቀኝ።

ከቄጠማው ሥር ግን አንድ አምባዛ አለ፣
መንጠቆዬን ከንፈሩ ላይ እንደ ቁልፍ የሰፋ።
ሐሙስ እወርዳለሁ።
ፍሬኑን ግማሽ ዙር አላልቼ።