ስለ ሠላሳ ሊትር ናፍጣ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ቀይ ማኅተም ያረፈበት፤
«በሐምሌ ወር ሠላሳ ሊትር የት ገባ?» የሚል የተጻፈበት።
እኔ የጀልባ ክሊኒኳ መዝጋቢ፣ ደብተር ያዥ፣ ክኒን ቆጣሪ፣
መልሱን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ከሞተሩ ዘይት ጋር አዳሪ።

ብራህማፑትራን እርስዎ በካርታ ነው የሚያውቁት፤
ሰማያዊ መስመር ነው፣ በጣት የሚከተሉት።
እኛ ዘንድ ግን ወንዝ ብቻ አይደለም፤ ርስት ነጣቂ ጌታ ነው፤
ማታ ደሴት ይወልዳል፤ ጠዋት የወለደውን በላው።
አምና ጎመን የገዛንበት መንደር፣ ዘንድሮ ዓሣ ይዋኝበታል፤
ትምህርት ቤቱ በጀልባ ተጭኖ፣ ቆርቆሮው ሌላ አሸዋ ላይ ይመታል።

ተራ ቁጥር ሁለት መቶ ስድስት። ጆናኪ ፔጉ።
ዕድሜ ዐሥራ ዘጠኝ። የመጀመሪያ እርግዝና።
ክብደት አርባ አንድ ኪሎ። ደም ማነስ፦ አለ።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት መሰላሉ ሥር ቀረች ቆማ፤
አማቷ ናት የወጣችው፣ ለብቻዋ አጉረምርማ።
አዋላጅ ናት አሮጊቷ፤ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ተቀባይ፤
ከእግር እስከ ራስ አየቻት ነርሳችንን፣ ሂራማይን፣ እንደ ቀላይ።
«ልጅ ለእናቷ ምጥ ልታስተምር መጣች?» አለች፤ ሳቀ ጀልባው ሁሉ።
ሂራማይም ሳቀች፤ «ምጡንስ እማማ፣ እርስዎ ያውቁታል ሙሉ።
እኔ የማውቀው ይችን ጨርቅ ነው፣ ክንድ ላይ ጠምጥሞ መንፋት፤
ደሟ ሊቆጣ ሲያስብ፣ ሳይቆጣ በፊት መስማት።»
አሮጊቷ ዝም አለች።
ከዚያ የገዛ ክንዷን ዘረጋች፤ «መጀመሪያ በኔ ሞክሪው።»

ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስት ሳጥን ሞላሁ በሰማያዊ እስክሪብቶ።
የፅንሱ ልብ በእንጨት ቀንድ ተሰማ፣ ፈጥኖ፣ ተጣድፎ፣ ተምታቶ፤
አሮጊቷም ጆሮዋን ደቅና፣ «ዳክዬ ነው እንዴ?» አለች።
በሦስተኛው ግን የጨርቋ ቁጥር ሽቅብ፣ ሽቅብ ወጣች፤
እግሯም አብጧል። «በሁለት ሳምንት» አልናት፣
«መጥተን እንወስድሻለን፤ እዚሁ ጠብቂን» አልናት።

ተመለስን። ደሴቷ የለችም።

ካርታው እዚህ ነው ይላል። መሣሪያውም እዚህ ነው ይላል።
ውኃው ግን ቡናማ ሆኖ፣ ዝም ብሎ ይጠቀለላል።
ሐሲም ሞተሩን አጠፋ፤ አንገቱን ሰብሮ አዳመጠ፤
ወደ ምሥራቅ ዶሮ ጮኸ፤ ዶሮ ካለ ሰው አለ ብሎ መሪውን ገለበጠ።

ተራው የሌላ ደሴት እንደነበር፣ ጌታዬ፣ አውቃለሁ።
የናፍጣውን መርፌ አይቻለሁ፤ ደንቡንም በቃሌ እወጣለሁ።
አራተኛው ሳጥን ግን ባዶ ነው፤ አፉን ከፍቶ ያየኛል፤
ሳጥን ባዶ ሲሆን ምን እንደሚጠብቅ ይገባኛል።

አምስት አሸዋ ላይ ወረድን፣ አምስት ጊዜ «አላየንም» ሰማን።
በስድስተኛው፣ በሙዝ ግንድ ታንኳ ላይ፣ ሸራ ሥር፣
በዶሮ ቅርጫትና በድስት መካከል አገኘናት፤
እየተንዘፈዘፈች፣ ዓይኗ ነጩ ብቻ ቀርቶ።
አሮጊቷ በጎኗ አስተኝታ፣ ጭንቅላቷን ይዛላታለች፤
«ደሟ ተቆጥቷል፤ ጨርቅሽ ባይኖርም ሰማሁት» አለች።

ሂራማይ መርፌውን ወጋች። የሷ እጅ አልተንቀጠቀጠም፤
መብራቱን የያዘው የኔ እጅ ግን፣ እውነት ልናገር፣ አልረጋም።
ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሽቅብ፣ ጎርፉን በደረት ገፍተን፣
ወደ ዲብሩጋር ሆስፒታል። ያ ነው ናፍጣውን የበላብን።

ልጅቷ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ናት።
እናቲቱ ሁለት ቀን ዓይኗ ማየት ተሳነው፤
በሦስተኛው ግድግዳውን አየች፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣
ልጇን ያየችው ከመስኮቱ በኋላ ነው።

ቅጽዎ ላይ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም፤
«ደሴቷ ቦታ ለወጠች» ብዬዋለሁ፤ ከዚህ በላይ አይገባም።
ከደመወዜ ይቆረጥ ካሉ፣ ይቆረጥ፤ ፈርሜያለሁ።
ደግሞ አንድ የግፊት መለኪያ ጎሎናል፤ ያንን በትሕትና እጠይቃለሁ፦
ጠፍቶ አይደለም። አሮጊቷ ዘንድ ነው፤ በውሰት።

ተራ ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት። ፆታ ሴት። ስም ገና።
አድራሻ፦ ለጊዜው፣ ወንዙ።

			ቢናንዳ፣ መዝጋቢ