የጋራ ጓዳ

ከፔዳ በር ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒው ጎን፣
አሮጌ ኮምፒውተር ለሁለት አዋጥተን፣
እሷ ቀን ቀን ይዛው፣ እኔ ማታ ማታ፤
ዲስኩን ተካፈልን እንደ ውርስ ቦታ።
ኡቡንቱ የሷ ነው፣ ዴቢያን የኔ ድርሻ፤
አይረግጥም አንዱ የሌላውን እርሻ።
አጥር አለን ጽኑ፣ የማንገፋው ድንበር፣
ከመሃል ካለችው አንዲት ጓዳ በቀር።

ስሟ ስዋፕ ነው። ራም ሲሞላ፣ ሲጠብ፣
ትርፉን ሐሳብ እስኪፈለግ የምትሰበስብ።
«ለምን ሁለት ጓዳ?» አልኳት፣ «ዲስኩ ይባክናል፤
አንዱ ሲነቃ እንደሁ አንዱ ይተኛል።»

ቀበሌ አሥራ አንድ አንዲት ክፍል አውቃለሁ፤
ባጃጅ ነጂና ዳቦ ጋጋሪ የተከራዩዋት።
አልጋዋ አንዲት ናት።
አንሶላው ሳይበርድ ይተካኩበታል፤
የሚተዋወቁት በትራሱ ጉድጓድ ነው፣
በዱቄትና በቤንዚን ሽታ።
እንዲያ ነበር ያሰብነው።

አንድ ማክሰኞ ጋሽ ጫኔ መጡ፣
መረባቸው ተሰርቆ፣ ማመልከቻ ሊያጽፉ።
ከመረቡ ጀመሩ፤ ሲያወሩ ሲያወሩ
ወደ ውሃው ገቡ።
እያንዳንዱን ጥግ በስሙ እየጠሩ፣
ጉማሬ የሚተኛበትን፣
ድሮ ደንገል የበቀለበትን፣ ዛሬ እንቦጭ የበላውን።
አንጓች ቃል ሳይወድቅባት ትመታለች፤
ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገር ከየት ትዝ ይበላት።

ከልጇ ትምህርት ቤት ተደወለ፤ ትኩሳት።
ኮምፒውተሩን አላጠፋችውም፤ አስተኛችው፣
ጠቋሚው «ጉማሬ» ከሚል ቃል ጎን
ብልጭ ድርግም እንዳለ።
ያ ሁሉ ሐይቅ ወደ ጓዳዋ ገባ፤
በሩ ተዘጋ።

ማታ እኔ መጣሁ።
የሠርግ መጥሪያ ነበረብኝ፣ መቶ ሃምሳ።
ዴቢያንን አስነሣሁ።
ያን ሌሊት ደግሞ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጽዳት አማረኝ፤
ጓዳዋን ጠራርጌ፣ ቁጥሯን ለውጬ፣ አዲስ አደረግኋት።
አንሶላ ቀየርኩ ብል ይቀላል።
አልጋው ላይ ሕልም መተኛቱን ማን አየ?

ጧት አንጓች ከፈተችው።
ጓዳዋን በድሮ ቁጥሯ ይፈልጋታል፤
ያ ቁጥር የለም።
አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ
ቆሞ አንኳኳ፤
ተስፋ ቆርጦ ገባ።
ባዶ ገጽ።

«ስምህ ማነው?» አለችኝ።
ስድስት ዓመት ታውቀዋለች።
«አትርሳው» አልኩ።
«እሺ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ጋሽ ጫኔ ተጠሩ፤ ደገሙት።
ግን ሌላ ነበር።
ትናንት ሦስት የነበሩት ሌቦች
ዛሬ አንድ ሆኑ፤ እሱም የእህታቸው ልጅ።
«ትናንት አላልኩም፤ ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩ።
ክሱን ተይው፣ ልጄ፤
የውሃውን ስም ብቻ ጻፊልኝ።»
ጻፈችላቸው። ሴቭ አደረገች፤
ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እኔን እያየች።

አሁን ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትንጠለጠል ካርቶን አለች፣
ከሠርግ መጥሪያው የተረፈች፤
ባንድ ፊቷ «ተኝቻለሁ»፣ በሌላው «ግባ»።
ቁጥሩንም ላስተካክል ብዬ ነበር፤
የአንድ መስመር ሥራ ነው።
«ተወው» አለች፣ «ያንኳኳ።»
በየጧቱ ያንኳኳል።
እሷ ያን ጊዜ መስኮቱን ትከፍታለች፤
የሐይቁ ንፋስ ወረቀቱን ሁሉ ይበትናል፤
ተማሪ በወረፋ ቆሞ፣ «ተበላሸ እንዴ?» ይላል።
«የለም» ትለዋለች ወረቀት እየለቀመች፣
«የድሮ ጓዳውን እየፈለገ ነው።»