ጠዋት ሦስት ሰዓት

መስኮት የለውም ክፍሉ፤ ማቀዝቀዣው ያንቀጠቅጣል፤
ዳኛው መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ያደርጋል።
እጄን አንሥቼ ማልኩ፤ በዶሃ፣ በሠራተኛ ችሎት፣
ያየሁትን ልናገር፣ ምንም ሳልጨምርበት።

«በቋንቋሽ ተናገሪ» አሉኝ።
ትርንጎ እባላለሁ፤ ልብስ አጣቢ ነኝ፤
ሰናዒያ፣ ሰባተኛው ማሽን። ስምንተኛው የሉባባ፣
የሆቴል አንሶላ ሲወጣ፣ የሆስፒታሉ ሲገባ
በእንፋሎት ውስጥ በሳል ነው የምንተዋወቅ።
ያን ቀን ግን አየሁ።

የትርፍ ሰዓቷን ጠይቃ ነበር፣ በአፏም በጽሑፍም፤
ሙዲሩ መጣ፤ «ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ» አላት፤ ሌላ አላለም።
ጓንቷን አወለቀች፤ ግራውን በቀኙ ላይ አስቀመጠች፤
ማሽኑ አልቆመም።

የኩባንያው ቃል ሌላ ነው፦ «ሥራዋን ጥላ ጠፋች፣
ሳትናገር፣ ሳትሰናበት፣ በገዛ እግሯ ወጣች።»

«መቼ ነው ያየሽው?» አለ ጠበቃው፣ ድምፁ ለስላሳ።
«ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት።»
አስተርጓሚው ካርቱም ያደገ ልጅ ነው፤ «ሰላሳ» አለ፣ «ሰላሳ»፤
በነሱ አፍ ሦስት ማለት ነው፤ በኔ ጆሮ ያው ሠላሳ፣
ጌታ የተሸጠበት ቁጥር። ደነገጥኩ፤ ይሄን በችሎት ማን ያንሣ።

ጠበቃው ፈገግ አለ፤ የበሩን ካርድ መዝገብ ዘረጋ፦
«በሦስት ሰዓት በሩ ዝግ ነው፤ ገና አልነጋ።
ሙዲሩም ቤቱ ነበር። ይቺ ሴት ምን አየች?»
እጄን ደግሞ አነሣሁ፣ ፀሐይ የት እንደነበረች ላሳይ፣
ከመጋዘኑ ክዳን አንድ ክንድ ከፍ ብላ፣ በምሥራቅ በኩል፤
ሁሉም ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ።
ጸሐፊው ቃል እንጂ እጅ አይጽፍም።

ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ ሦስት አልኩ።
በጸናሁ ቁጥር ዋሸሁ።

ከኔ በኋላ ሺጁ ቆመ፣ የፈረቃችን አለቃ፦
«ዘጠኝ ገደማ ሄደች፤ ምናልባት፤ ልብ አላልኩም።»
ምናልባቱን ወደዱለት። ሰው ይረሳል አሉ።
እኔ ስላልረሳሁ ተጠረጠርኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ነው የእጅ ሰዓቴን ያየሁት።
ከሐይቅ ይዤው መጣሁ፤ ስድስት ዓመት አልነካሁትም፤
እናቴ ስትደውል ጠዋቷ ጠዋቴ ነው፣ ምን ላስተካክል?
ለሙዲሩ ዘጠኝ እላለሁ፤ ለማሽኑም ዘጠኝ፤ አላጣሁትም።
በአማርኛ ተናገሪ ሲሉኝ ግን
በአማርኛ ቆጠርኩ።
እኛ ከፀሐይ መውጣት እንጀምራለን፤ ሰዓቱ የቀኑ ዕድሜ ነው፤
እነሱ ከእኩለ ሌሊት፣ ማንም ከማያይበት።
ስድስት ሰዓት፤ ያችው ናት
በእማኝና በውሸታም መካከል ያለችው ርቀት።

በነጋታው ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ ጎልማሳ ቀና አላለም፦
«ትናንት ሦስት፣ ዛሬ ዘጠኝ? ቃሉን የሚቀይር አይታመንም።»
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤
በማን አቆጣጠር ይነጋል?

ሉባባ አልተቆጣችም፤ የባሰኝ እሱ ነው።
ትናንት ማታ ደወለች፦ «በረራዬ ሦስት ሰዓት ነው።»
«በማን?» አልኳት።
ቆየች።
«በነሱ።»

ሌሊት ተነሥቼ የካምፑ ጣሪያ ላይ ወጣሁ።
እርጥብ ሙቀት፤ ባዶ የልብስ ገመድ፤
የሰናዒያ በር ሁሉ ዝግ። ጠበቃው አልዋሸም፣ ጨለማ ነው።
አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ እያለች ወደ ባሕሩ ራቀች።

የነሱን ሦስት ሰዓት አየሁት።
አሁን ስለ እሱም መመስከር እችላለሁ።