ጠብቆ የሚገባ

ስሙ ይርሳው ነበር፣ ምንም የማይረሳ፤
አምና የፈታውን ብሎን በቁጥሩ የሚያነሳ።
ጋራዡ ሽምብጥ ነው፣ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ፤
አጥሩ የመኪና በር፣ ከላዳ ተነቅሎ፤
እጀታው ሲሳብ ዛሬም ይከፈታል፤
ደንበኛም ፍየልም በዚያው ይገባል።

የላቀው ፒካፕ መጣች፣ ከወረታ ሽንኩርት ጭና፤
ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው ልቅሶዋን የሰማን ገና።
"የኋላ ግራ ኩሽኔታ" አለ፣ ቀና እንኳን ሳይል፤
ፈታን። ኳሶቹ ተልጠው፣ ግራሶው መስሏል ከሰል።

አዲሱን ከወረቀቱ አውጥቼ ከሻፍቱ ጫፍ ባስጠጋው
አልገባም አለኝ፤ ያነሰው
በፀጉር ስፋት ነው፣ ያውም በሕፃን ፀጉር።
"ጠቦኛል፣ ጋሼ።"
"ይጥበብ። ሥራው እሱ ነው።
ላልቶ የገባ ኩሽኔታ፣ ሰው መንገድ ላይ ነው የሚያስቀረው።"
መዶሻ ሳነሳ ዓይኑ እጄን ያዘው፤
"ብረት አይናገርም እንጂ፣ የመታውን ሰው
አይረሳም።"

ፕሬስ የለንም። ያለን ሐይቅ ነው።

ሻፍቱን በጆንያ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ወሰድኩት፤
እትዬ ዝማም ዓሣ ቤት፣ በረዶ ውስጥ ቀበርኩት፤
ቆሮሶ በቀኙ፣ አምባዛ በግራው፣
ሌሊቱን እንዲያድር፣ ብርድ እስኪያሳንሰው።
እትዬ ዝማም ሳቀች፤ "ይሄስ አጥንት ይበዛዋል።"
ሲነጋ ሳወጣው፣ ሻላ ከጀልባው ጫፍ አየኝ፤
የባጃጁ ልጅ "ምን ዓይነት ዓሣ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።
"ሚዛን የሚሰብር" አልኩት።

ከሰሉ ላይ ድስት፣ ድስቱ ውስጥ ዘይት፣ በዘይቱ ኩሽኔታ፤
በጣቱ ጫፍ ውሃ ጠብ አደረገ፤ "ቆይ፣ ላንዳፍታ።"
እንዳይጨስ፣ እንዳይጠቁር፤ ጠብታዋ እስክትንጫጫ ድረስ ብቻ።
ቆምን። ዝንብ ዞረችን።
"ጠበቀ" የሚለው ቃል ሲጻፍ አንድ ነው፣
ሲሠራ ሁለት፤
ፊተኛው ትዕግሥት ነው፣ ኋለኛው ብረት።

"አሁን!"
በጨርቅ ያዝኩት፤ ከቀዝቃዛው ጫፍ ለቀቅኩት።
ወረደ፤
ያለመዶሻ፣ ያለልመና፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው፤
ከትከሻው ላይ "ጥ" ብሎ ቆመ። ሦስት ሳልቆጥር ያዘው።
ከደስታዬ ብዛት ጨርቁን ወደ ላይ ወረወርኩት፤
ጨርቁ ሲወርድ በዓይኔ ተከተልኩት፤
ያኔ አየኋት።

ፍላንጃዋ። ከሞርሳው ሥር ተኝታ፣
እንደ አራት ዓይን አራት ቀዳዳዋን ከፍታ።
ከኩሽኔታው በፊት ነበር መግባት የነበረባት፤
አሁን መንገድ የላትም፤ እኔው ዘጋሁባት።
ስሙ ይርሳው ነበር፤ የረሳሁት እኔ ነኝ።

አልተቆጣም። ያ ነው ይበልጥ የቆረጠኝ።
ግራይንደሩን ሰጠኝ፤ "ሻፍቱን እንዳትነኪው፣ ቁረጪ" አለኝ።
ጠብቆ የገባ በልመና አይወጣም፤
የወር ደሞዜ ፍንጣሪ ሆኖ፣ ከላዳው በር ላይ ረገፈ።
ላቀው በር ላይ ቆሞ፣ ሽንኩርቱን እያሸተተ፣
ምንም አላለም፤ ምን ይበል?
በመሮ ስመታው፣ "ቋ!" ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያ ይርሳው መሳቢያውን ሳበ፤
ሌላ ኩሽኔታ፣ ከነወረቀቱ፣
ያንኑ ቁጥር፣ ከዚያው ሱቅ፣ የዚያኑ ዕለት የተገዛ።
ለምን ሁለት እንደገዛ አልነገረኝም።
ፍላንጃዋን ከሞርሳው ሥር አይቷት እንደነበር፣
አይቶም ዝም ብሎኝ እንደነበር፣
አልጠየቅኩትም። ሞተ፣ ሳልጠይቀው።

ግማሿ ኩሽኔታ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰኝ ትይዛለች።
የላቀው ፒካፕ ድልድዩን ስታቋርጥ
ከወንዙ በቀር የሚሰማ የለም።

ያን ማታ ግን ሻፍቱን ተሸክሜ ወደ ሐይቁ ስመለስ፣
እትዬ ዝማም ገና ከሩቅ፣
"ምነው፣ ገዢ አጣ?" አለችኝ፤
ዓሣዎቹን ወደ ዳር ገፋ፣ ገፋ አድርጋ
የትናንቱን ቦታ ለቀቀችለት።