የግርጌ ማስታወሻ ሰማንያ ሦስት

በቮሎግዳ ከተማ፣ ወንዙ በረዶ ሲለብስ፣
መዝገብ አመላላሽ ነኝ፤ ሥራዬ ማውጣት መመለስ።
ሣጥን እሸከማለሁ፣ አቧራ አራግፋለሁ፤
አንባቢ ሲያስነጥስ «ይማርህ» እላለሁ።

አግላያ ተሬንትየቭና ግን አታስነጥስም፤ አቧራው ለምዷታል።
ሠላሳ ክረምት ሙሉ ያ የመስኮት ጥግ ወንበር ያውቃታል።
የሹራቧ ክርን ሳስቶ፣ እርሳሷ ጉርድ ሆኖ፣
የሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ጠብ በወረቀት ተከድኖ፣
እሷ ትሰማዋለች፣ ጆሮዋን ጥላ፣
እንደ ትናንት ማታ የጎረቤት ጠብ፣ ከግድግዳው ኋላ።

ጠቡ በጣት ነበር።
በሁለት ይማተቧል ወይስ በሦስት ጣት?
ፓትርያርኩ ቀኖና አወጡ፣ ንጉሡ ወታደር ጨመሩበት፤
ጣት አዋጅ ሆነ፣ ጣት ክህደት ሆነ፣
በሰሜኑ ደን ውስጥ ስንት መንደር ባከነ።

«ይህ ሁሉ ለጣት?» አልኳት አንድ ቀን።
ቀና ብላ አየችኝ፣ ሰነፍ ተማሪ እንደሚታይ፤
«ጣት አይደለም፣ ዬርሞላይ።
ገና አፍህን ሳትፈታ፣ በጨለማ፣ ማታ ማታ፣
እጅህን ይዛ ግንባርህን ያሳየችህን ሴት
ሐሰተኛ ናት በሏት ነው የተባሉት።»
ዝም አልኩ።
የኔን እጅ የያዘ የለም፤ በኔ ጊዜ ክልክል ነበር።

ያን ማክሰኞ ያወጣሁላት ጥቅል
የጸሐፊው የትሬትያክ ነበር፤ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ይመስል።
በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቀለም፣
የማገዶ ዋጋ፣ የጧፍ ዋጋ፣ የጅራፍ ጠፍር፣
ቀጥሎም የነፍስ ነገር፦
«ፌቲንያ፣ የጨው ቀቃዩ መበለት፣
ተጠየቀች፦ በስንት ጣት?
መለሰች፦ እንደ አባቶቼ፤ በዚሁ እሞታለሁ።»

አግላያ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ዞር አልኩ።
በማግስቱ ሌላ ጥቅል፣ በሠልስቱ ሌላ፤
አናጢው ያንኑ ቃል፣ ዓሣ አጥማጁ ያንኑ ቃል መለሰ፤
«ዲዳ» ተብሎ የተመዘገበው ደወል ደዋይ ሳይቀር
ቃል በቃል ያንኑ ተናገረ።

ትሬትያክ መልሱን ከቤቱ ይዞ ነው የመጣ።
እንደ ማኅተም ሰም፣ ያንኑ ቅርጽ በየሰዉ አፍ ላይ አንጠባጠበ፤
ሰሙ ሞልቷል፤ ወርቁ ከየት ይምጣ?
«ሠላሳ ዓመት» አለች መነጽሯን አውልቃ፣
«ሕዝብ ያዳመጥኩ መስሎኝ፣ አንድ ጸሐፊ ኖሯል ለካ!»
ያን ቀን ምሳዋ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ቀረ።

ከዚያ፣ ከገጹ ግርጌ፣ ጥጉን አይጥ ከበላው ቦታ፣
አንዲት መስመር፣ ከሥርዓቱ ውጪ፣ ተጣድፋና ተጣብባ፦
«ይህች ሴት ስትወሰድ፣ ወደ ኋላ እየዞረች፣
ላሚቱ አልታለበችም፣ ላሚቱ አልታለበችም አለች።»

ማን ጻፍ አለው? አዋጁ? አለቃው?
ይህን ከቤቱ አላመጣውም።
ምናልባት እሱም ላም ነበረው። አናውቅም።

መጽሐፉ ሊታተም ሲል ብዙ ሰው ብዙ አለ።
የሞስኮው ፕሮፌሰር «የመንግሥት ግንባታ» አለ፤
ቄሱ «ትዕቢት» አሉ፤ ከደኑ የመጡት ባለ ሁለት ጣት አዛውንት «ሰማዕት»፤
አራሚው ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«የላሟን ነገር ብናወጣውስ? ለክርክሩ አይጠቅምም» አለ።
«እሱን ካወጣህ» አለች አግላያ፣ «ሌላውንም አውጣው ጠራርገህ።»
ቀረ። በደቃቅ ፊደል። ቁጥር ሰማንያ ሦስት።

ጥቅሉን መልሼ ስፈርም የገዛ እጄን አየሁት።
ብዕር የሚያዘው በሦስት ጣት ነው፤
የትሬትያክም፣ የሷም፣ የኔም።
ሁለቱ ታጥፈው ከታች፣ ዝም ብለው ወረቀቱ ላይ ያርፋሉ።

መጋዘኑን ቆልፌ ወጣሁ። በረዶው ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል።
ከወንዝ ማዶ፣ ካንዱ ግቢ፣ ላም ጮኸች።
ሰዓቴን አየሁ።